ስቱዲዮ ቤት፣ ሁለት አንጋፋ ድመቶች፣ አንድ ሞተር

የልደታዋ
ሐምሌ 28

ሰላም ለሁላችሁ። ድመት የምታሳድጉ ሰዎች እስኪ ምከሩኝ፤ ግራ ገብቶኛል።

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። አንድ ክፍል፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምባት ኪችን። ሁለት ድመት አለን። ትልቋ እትዬ ትባላለች፤ 11 ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጣችላት ጎረቤታችን ናት። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ቡና እስኪቀርብላት የምትጠብቅ ሴትዮ ትመስላለች ብላ። ሁለተኛው ባሻ ነው። 6 ዓመቱ፣ የተኮላሸ፣ ወፍራም፣ ከሆዱ በቀር ምንም የማያሳስበው። ተስማምተው ነው የሚኖሩት። ማለቴ እትዬ ታዛለች፣ ባሻ ይታዘዛል።

የዛሬ አምስት ቀን ወንድሜ ደወለልኝ። ጌጃ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ለጥገና የገባ ሚኒባስ ሞተር ውስጥ የሆነ ነገር ይጮኻል አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነበር ያደረው። ስደርስ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ሦስት መካኒኮች አንገታቸውን አስግገው "ውሮ፣ ውሮ" ይላሉ። ባትሪው ሥር ግሪስ የጠጣ፣ ቡጢ የምታክል ነገር ተወሽቃለች። እጀ ቀጭን እኔ ስለሆንኩ እኔው ገባሁ። ጎትቼ ሳወጣው አውራ ጣቴን እስኪደማ ነከሰኝ። ስሙም እዚያው ወጣለት፤ ሞተር።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የኔ ነው። ቤት አምጥቼ፣ ግሪሱን በሞቀ ውሃ አስለቅቄ፣ ወለሉ መሃል አስቀመጥኩትና "በሉ ተዋወቁ" አልኳቸው። ሕፃን ነው፣ ማን ሕፃን ይጠላል ብዬ። እትዬ መጀመሪያ ድምፅ አላሰማችም። ዓይኗን ብቻ ተከለችበት። ከዚያ ጀርባዋ ጎበጠ፣ ጭራዋ የጠርሙስ ብሩሽ አከለ፣ በ11 ዓመት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ከሆዷ ወጣ። ሞተር ምኑም አልገባውም። ጭራውን እንደ አንቴና ቀስሮ ወደ እሷ ሄደ። በጥፊ አጮለችውና ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣች።

እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ማታ እኛ ስንተኛ ወርዳ ትንሽ ትቀምስና ትመለሳለች። ባሻ ደግሞ ሞተርን ባየ ቁጥር ፍስስ ብሎ ምግቡን ጥሎ ይሸሻል። ባሻ፣ ምግብ ጥሎ!

ትናንት እትዬ የእናቴ ፍራሽ ላይ ሸናች። ተናድጄ በነጠላ ጫማ መታኋት። ከዚያ ያየችኝ አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ጎግል ላይ ያገኘሁት ሁሉ "አዲሱን ድመት ለብቻው ክፍል ስጡት" ይላል። የትኛውን ክፍል? ያለኝ ሽንት ቤት ነው፤ እሱም በበርሜልና በባልዲ ተሞልቷል፣ ውሃ በፈረቃ ነዋ። እናቴ እስካሁን ታግሳኛለች፤ ግን ፍልሰታ ሊገባ ነው፣ ጸሎቷን በሰላም ማድረስ ትፈልጋለች። ወደ ጋራዡ ልመልሰው ወይስ ይላመዳሉ?


ባለሱቁ ከሜክሲኮ
ሐምሌ 28

እህቴ፣ አታካብጂው። እኛ ግቢ ስድስት ድመት ነበረ፣ ማን ክፍል ሰጣቸው? ሁለት ሳምንት ይቧጨራሉ፣ ከዚያ ማን አለቃ እንደሆነ ይለያል፣ በቃ። ሰው ነው ድመት የሚያበላሸው።


ሐኪሟ
ሐምሌ 28

የልደታዋ፣ የድመቶቹን ጉዳይ ለጊዜው ተይው። ጣትሽስ?

ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሐኪም ቤት ሄድኩ የሚል የለበትም። የማይታወቅ የመንገድ ድመት እስኪደማ ነክሶሻል። "የእብድ ውሻ በሽታ" የሚለው ስም ነው ሰውን የሚያዘናጋው፤ ድመትም ያስተላልፈዋል። ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን በጊዜው ከተጀመረ ያድናል። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ ነበረበት። ካላጠብሽው አሁንም እጠቢው፣ ከዚያ ነገ ጠዋት ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። አምስት ቀን አልፎታል ብለሽ አትቅሪ። እናትሽን ብትጠይቂያት ጉለሌ ፓስተር ይሄዱ የነበረበትን ዘመን ትነግርሻለች፤ አንቺ ግን በአቅራቢያሽ ካለው ጀምሪ፣ ከሌላቸው ወዴት እንደምትሄጂ ይነግሩሻል።

ሞተርን 10 ቀን ተከታተዪው። ከነከሰሽ ቀን ጀምሮ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ያኔ በምራቁ በሽታውን አላስተላለፈብሽም ማለት ነው። ይኼ ግን ሐኪም ቤት ላለመሄድ ሰበብ አይሆንም። የክትባቱን ነገር እነሱ ይወስኑ።

አሁን ወደ ድመቶቹ። እኔ ቢሾፍቱ የተማርኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ነው ያለሁት። አንቺ እትዬ እትዬ ትያለሽ፤ እኔን ያሰጋኝ ባሻ ነው። ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላ ስቡ ጉበቱ ላይ ይከማቻል፤ ይኼ ይገድላል። ሞተር በሌለበት ቦታ አስቀምጪለት፣ መብላት አለመብላቱን በዓይንሽ እዪ። ደግሞ ወንድ ድመት ለሽንት ደጋግሞ እየተቀመጠ ጠብ ካላለለት በዚያው ሰዓት ይዘሽው ሩጪ፣ ለነገ አይባልም።

እትዬ ፍራሽ ላይ የሸናችው ለበቀል አይደለም። ድመት ቂም በፍራሽ አይወጣም። አንድም ወደ ሳጥኗ የሚወስደው መንገድ ላይ ሞተር አለ፣ አንድም አሟታል። በ11 ዓመት ኩላሊትና ፊኛ ማስመርመር ደግ ነው።

ሞተር ቁንጫና የሆድ ትል እንዳለበት ቁጠሪው። መድኃኒቱ ለድመት ልጅ የተሠራ ይሁን፣ በክብደቱ ልክ። የውሻ የቁንጫ መድኃኒት ቤትሽ እንዳይገባ፤ ውስጡ ፐርሜትሪን ካለበት ድመት ይገድላል። "ትንሽ ፓናዶል ስጪው" የሚልሽም አይጠፋም። እሱም ይገድላል።


የልደታዋ
ሐምሌ 28

ውይ። ቁስሉን በአልኮል ጠርጌ ፕላስተር ለጥፌበት ነበር። እሺ፣ ጠዋት በሩን እኔ ነኝ የማስከፍታቸው። አመሰግናለሁ ዶክተር።


ባለ ካርቶኑ፣ ግንፍሌ
ሐምሌ 29

እኔም እንዳንቺው የኮንዶሚኒየም ሰው ነኝ፤ አራት ድመት አለኝ፣ ሚስቴ እስካሁን አልፈታችኝም።

ባለሱቁ፣ ወንድሜ፣ ያልከው ለግቢ ይሆናል። ግቢ ውስጥ የተሸነፈው አጥር ይዘላል፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ንዴቱን ያበርዳል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተሸነፈ ድመት ወዴት ይሂድ? ቁም ሳጥን ላይ ነዋ።

የልደታዋ፣ ሽንት ቤቱን አትናቂው። ክፍል ማለት የሚዘጋ በር ያለው ማለት ነው። መጀመሪያ ግን ውሃውን ክደኚ። በርሜሉን በክዳኑ፣ ባልዲዎቹን በሰፌድ፣ በላዩ ድንጋይ። ግማሽ የሞላ ባልዲ ውስጥ የወደቀ የድመት ልጅ መውጫ የለውም፤ ፕላስቲኩ ጥፍር አይዝለትም። እኔ አንዷን ያወጣኋት በሰከንድ ዕድል ነው። እንደገና ማውራት አልፈልግም።

ካርቶን፣ ውስጡ አሮጌ ጋቢ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በካልሲ ተጠቅልሎ። እናቱ ናት ብሎ ይተኛበታል። ለሽንት ጎኑ ዝቅ ያለ ሳፋ፤ ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት በጆንያ ታገኛለሽ፣ አቧራ እንዳይበዛበት ነፋ ነፋ አድርጊው። አሸዋም ይሆናል፣ ግን ይከብዳል፣ ደረጃውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ለእትዬና ለባሻ ሁለት ሳፋ በተለያየ ጥግ። ሕጉ በድመት ቁጥር ላይ አንድ ጨምር ነው የሚለው፣ ግን አራት ሳፋ በስቱዲዮ ብልሽ እናትሽ እኔንም ትረግመኛለች።

አሁን ዋናው ነገር። ድመት የሚተዋወቀው በአፍንጫው ነው። ዓይኑ ያየውን አፍንጫው ካላወቀው ጠላት ነው። አንቺ ሰውየውን መኝታ ቤት አስገብተሽ ከዚያ ስሙን ነገርሻቸው። ስለዚህ አሁን እንዳዲስ ጀምሪ። ሞተርን ከእነሱ ዓይን አጥፊው። ንጹሕ ጨርቅ ወስደሽ ጉንጩንና ከጆሮው ፊት ያለችውን ራቁት ቦታ እሺው፤ ጠረኑ ያለው እዚያ ነው። ጨርቁን እትዬ የምትበላበት አካባቢ ጣይው። መኝታዋ ላይ ግን እንዳታደርጊ! አልጋዋን ወረራት ማለት ነው። የእሷንም ጠረን በሌላ ጨርቅ ለሱ። በየቀኑ እንዲህ አድርጊ። አሽታ ዝም ብላ ያለፈች ቀን፣ ግማሹን ጨርሰሻል።

ቀጥሎ ምግብ። በሩ ተዘግቶ ሞተር ከውስጥ፣ እነሱ ከውጭ ይብሉ። ሳህናቸው መጀመሪያ ከበሩ ሁለት ሜትር ይራቅ። ተረጋግተው ከበሉ ነገ አንድ ክንድ ታስጠጊያለሽ። ፍስስ ካሉ ወደ ኋላ ትመልሺያለሽ። በሩ ሥር ተደፍተው የሚበሉበት ቀን ሲመጣ ጣት የምታክል ክፍተት። ከዚያ ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ስትደርሺ እነግርሻለሁ፤ አሁን ብነግርሽ ነገውኑ ትሞክሪዋለሽ።

እትዬን ከቁም ሳጥኑ እንዳታወርጃት። ምግቧን እዚያው ስጫት፣ ሥሩ ወንበር አስጠጊላት፣ በፈለገች ሰዓት ትውረድ። በጫማ የመታሻትን ይቅርታ በአፍ አትቀበልም። ራቅ ብለሽ ተቀመጪና ዓይንሽን ቀስ ብለሽ ጨፍነሽ ክፈቺላት። መልሳ ከጨፈነችልሽ ታርቃችኋል።

ፍራሹን በበረኪና እንዳታጥቢ። ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። ሳሙናና ውሃ፣ ከዚያ አቼቶ በውሃ አቅጥነሽ፣ ከዚያ ፀሐይ። ፀሐይ በሐምሌ ከተገኘ።


የልደታዋ
ነሐሴ 4

ክትባት ጀመርኩ። ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ሲስተር ከምን እንደተነከስኩ ስትጠይቀኝ "ከሞተር" አልኳት። እስክትረዳኝ ድረስ ለቴታነስ ልትወጋኝ ነበር። ለነገሩ እሱንም ወጋችኝ። ሞተር ጤነኛ ነው፣ 10 ቀኑንም ጨርሷል። ባሻም ሽንት ቤቱ በተዘጋ በሰዓቱ ሳህኑ ላይ ተደፋ።

የጨርቁን ነገር ላውራችሁ። ቤት ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ፈልጌ ያገኘሁት ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ነገር ነበር። የሞተርን ጉንጭ አሸሁበትና እትዬ ሳህን አጠገብ ጣልኩት። እትዬ ከላይ ሆና አየችው። አንድ እግሯን ወንበሩ ላይ አሳረፈች። ወረደች። አንገቷን ብቻ አስረዝማ፣ ሰውነቷን ወደ ኋላ ትታ፣ ጠርዙን አሸተተች፤ አፏን ከፈት አድርጋ ቆየች፣ የሸተታትን የምትቀምስ ይመስል። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። በዚህ መሃል እናቴ ከልደታ ማርያም ገባች። "ይኼ የኔ ነጠላ አይደል?" ነበር ያለችኝ።

እትዬ ቁም ሳጥን ላይ፣ እኔ ሽንት ቤት ውስጥ።

አሁን አሮጌ አንሶላ ቀድጄ ነው የምጠቀመው። ሳህኖቹ ከበሩ አንድ ሜትር ላይ ናቸው። አዲሱ ችግር ሌላ ነው። ፍልሰታ ገብቶ ሳምባ የምገዛበት ሥጋ ቤት ዘጋ። እናቴ "ድመት ጾም የላትም፣ ያውም ሕፃን፤ ግን ድስቱ የኔ እንዳይሆን" ብላለች። ሽሮ በእንጀራ ፈትፍቼ ብሰጣቸውስ? ለሞተር ወተትም አለ።


ሐኪሟ
ነሐሴ 4

ሽሮ አይሆንም። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም፣ ደግሞ ሽሮው ውስጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ። ሁለቱም ደሟን ያፈርሳሉ፣ ትንሽ በትንሽም ቢሆን። ወጥ የነካው እንጀራ ጭምር ይቅርባቸው። የላም ወተት ያስቀምጠዋል። በዚያች ሰውነቱ ተቅማጥ ከያዘው በአንድ ቀን ይደርቃል። ውሃና ለድመት ልጅ የሚሆን ምግብ ይበቃዋል።


ባለሱቁ ከሜክሲኮ
ነሐሴ 5

የሙስሊም ሥጋ ቤት ሂጂ፤ እነሱ ጋ ፍልሰታ የለም። ሳምባና ጉበት ጠይቂ። ድስት ከኔ ሱቅ፣ ቅናሽ አደርግልሻለሁ። ስለ ግቢው ያልኩትን አልሰርዝም፣ ግን ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን አላሰብኩትም ነበር።


የልደታዋ
ነሐሴ 14

ተበላሸ። ሁሉም ነገር ተበላሸ።

እስከ ነሐሴ 11 ድረስ በሩ በጣት ልክ ተከፍቶ ሦስቱም በአንድ ሰዓት ይበሉ ነበር። ባሻማ አፍንጫውን በክፍተቱ አስገብቶ ሞተርን አሽትቶታል። ባለ ካርቶኑ በውስጥ መስመር የነገርከኝን የወንፊት ሽቦም አዘጋጅቼ ነበር። የቡሄ ዋዜማ ግን ሆያ ሆዬ መጣ። አንድ ቡድን ቢሆን እሺ፤ ፎቁ ላይ አራት ቡድን! ኮሪደሩ ያስተጋባል፣ ዱላቸውን ልክ በራችን ላይ ነው የሚደልቁት። እናቴ ደስ ብሏት በሩን በሰፊው ከፈተች። ሞተር ደንግጦ ከሽንት ቤት ሾልኮ ወጣ። እትዬ በዚያው ቅጽበት ከወንበሩ ላይ ዘላ ያዘችው። ፀጉር ተበተነ። ፎጣ ጣልኩባቸውና ተለያዩ። ደም የለም። ግን ይኼው እንደ መጀመሪያው ቀን ሆነናል። አሁን ባሻንም ታሳድዳለች፣ 6 ዓመት አብሯት የኖረውን!


ባለ ካርቶኑ፣ ግንፍሌ
ነሐሴ 14

በእጅሽ ሳይሆን በፎጣ መለየትሽ ጎበዝ ያሰኝሻል።

እትዬ የተጣላችው ከሆያ ሆዬ ጋር ነው። ዱላውን መምታት አልቻለችም፣ ፊቷ የተገኘውን መታች። አለቃው የተቆጣው ሰው ቤቱ ገብቶ ልጁን ይቆጣ የለ? እንደዚያ ነው። ባሻንም ያሳደደችው ለዚሁ ነው፤ ያን ምሽት በዓይኗ የገባ ሁሉ ከዱላው ጋር ተደምሯል።

ዛሬና ነገ ሦስቱም ይለያዩ። ባሻ ኪችን፣ ሞተር ሽንት ቤት፣ እትዬ ዙፋኗ ላይ። አታባብያት፣ አታንሻት፣ ትተኛ። ከዚያ ከጨርቁ ጀምሪ። አይዞሽ፣ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት የፈጀው አሁን አራት አምስት ቀን ቢፈጅ ነው። አፍንጫዋ ያወቀውን አልረሳም።


የልደታዋ
ነሐሴ 29

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፤ አለን።

ስድስት ቀን ነው የፈጀው። ከዚያ በሩን ከፍቼ ወንፊቱን ተከልኩ፣ ለሦስት ቀን በሽቦ ውስጥ ሲተያዩ በሉ። የመጀመሪያውን ቀን ያለ ሽቦ ከማገናኘቴ በፊት ሞተርን የዶሮ ላባ በክር አስሬ ግማሽ ሰዓት አሯሯጥኩት። ምላሱ እስኪወጣ። (ሐኪሟ፣ ምላሱ መውጣት የለበትም ብለሽ እንዳትቆጪኝ፣ ወዲያው አቁሜያለሁ።) ደክሞት ስለነበር ሲገቡ ቀና ብሎ እንኳን አላያቸውም። እትዬን የረታት ይኼ ይመስለኛል። የማይፈልጋት ነገር እምብዛም አያስፈራትም።

ባሻ አሁን ይልሰዋል። ጭንቅላቱን በእጁ ይጫንና እንደ ሳህን ይልሰዋል። እትዬ አትልስም። ትናንት እሱ ጭራዋን ሊይዝ ሲዘል አንድ ጊዜ ፍስስ አለችበት፣ ቆመ፣ ሄደች። ጥፍር የለም። ቀን ቀን ወንበሩ ላይ ናት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ለመኝታ ብቻ ነው የምትወጣው። የኩላሊት ምርመራዋም ደህና ነው ተብሏል።

አንድ ነገር ግን አለ። ትል መድኃኒት ላሰጠው የወሰድኩት ቦታ ሐኪሙ ጭራውን ቀና አድርጎ አየና ሳቀብኝ። ሞተር ሴት ናት። ለእናቴ ስነግራት "ሴት ከሆነችማ ስሟ ይቀየር" አለች፣ ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ "ተይው፣ ለምዳዋለች" አለች። ያቺ ነጠላ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ ገብታለች። ማን እንዳስገባት አልጠየቅኩም።


ሐኪሟ
ነሐሴ 29

ምላሷ መውጣት አልነበረበትም።

ሴት ከሆነች ቀን እንቁጠር። ስታገኚያት ሁለት ወር ገደማ ከነበረች ጥቅምት ላይ አምስት ወሯ ነው። ድመት በአራት ወሯም ልትፀንስ ትችላለች፣ እርግዝናው ዘጠኝ ሳምንት ነው። መስኮት ዝጊ፣ መስከረም ማለቂያ ላይ ቀጠሮ አስይዢና አስመክኛት። የእብድ ውሻ ክትባቷን ሦስት ወር ሲሞላት፤ የእትዬንና የባሻንም አብረሽ አስወጊ። ሦስቱን በአንድ ቀን ግን እንዳታመጫቸው። በአንድ ካርቶን ደግሞ በፍጹም።


ባለሱቁ ከሜክሲኮ
ነሐሴ 30

ድስቱን መቼ ነው የምትወስጂው?